ቶሎ የሚቀልጠው በረዶ

ልጆቼን የማስተምረው ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ስስ በረዶ መጣል ሲጀምር የሒሳብ ደብተር ተዘጋ፤ ሁለቱም መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። እሺ ብዬ ማጉያ መነጽር ይዘን ወጣን። ግን በረዶው ወረቀታችን ላይ ሲያርፍ ወዲያው ውሃ ይሆናል። ትንሿ ልታለቅስ ደረሰች።

ለካ ወረቀቱን ያወጣነው ከሞቀ ቤት ነው! ጥቁር ጨርቅ ካርቶን ላይ ወጥሬ ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት። ማጉያውንም ውጭ አቆየነው። ካርቶኑን በጓንት ያዝን፤ ትንፋሻችንንም ወደ ጎን አደረግን (ይሄኛው ከባድ ነው፣ ሳቅ ይመጣል)።

አሁን ቅንጣቶቹ ቆዩልን። ትልቁ ጫፎቹን ቆጠረ፤ 6። ሌላ ቆጠረ፤ አሁንም 6። የውሃ ሞለኪውሎች በረዶ ሲሆኑ ባለ 6 ጎን ሆነው ስለሚደረደሩ ነው አልኩት። ሒሳቡ ከምሳ በኋላ ተሠራ። ግማሹ።