የጓሮ ዕቃ ቤት ሲጸዳ የማይፈለገውን ዕቃ እንዴት እናስወግድ?

በባሕር ዳር ጓሮ ያለው ሰው ዕቃ ቤቱን ለማጽዳት ከሰኔ በፊት ያለውን ደረቅ ጊዜ ቢመርጥ ይሻላል። ክረምቱ ከገባ በኋላ ወደ ግቢ የወጣው ዕቃ ከመርጠቡም በላይ፣ ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ለጥ ባለ መሬት ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ጎርፉ ከየግቢው የጠረገው ነገር በየቦዩ እየተጓዘ ሐይቁ ወይም ዓባይ ውስጥ ይገባል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በታች ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ቆራሌ በመጥራት ነው፤ እኔ ግን ቆራሌ መጠራት ያለበት በመጨረሻ ነው እላለሁ። ቆራሌ የሚገምተው የብረቱንና የፕላስቲኩን ዋጋ እንጂ ዕቃው ውስጥ ምን እንደነበረ አይደለም፤ ማላታይን የተባለው የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን በገበያ ዞሮ የሌላ ሰው የውኃ ወይም የዘይት መያዣ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ዕቃው በዋጋው ሳይሆን በአደገኛነቱ ቅደም ተከተል ይውጣ። በሩን ከፍተው ቤቱን ያናፍሱ፤ ጓንትና ቦቲ ያድርጉ፤ ጊንጥና እባብ ስለማይታጣም የተደራረበውን ዕቃ በእጅ ከመንካትዎ በፊት በእንጨት ያንቀሳቅሱት።

በመጀመሪያ የሚለየው የተባይና የአረም መድኃኒት ነው። ያልተከፈተና ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ለሚጠቀምበት ገበሬ ከነጽሑፉ መስጠት ይቻላል። ጊዜው ያለፈበት፣ የሚያፈስ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ከሆነ ግን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡት፤ ከነመያዣው አሸዋ ወይም አመድ ባለበት ባልዲ ውስጥ አቁመው፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፈውበት፣ እንዴት እንደሚወገድ የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም በቦይ ማፍሰስ፣ መቅበርም ሆነ ማቃጠል አይገባም። ባዶው መያዣ ደግሞ ሩብ ያህል ውኃ ተጨምሮበት፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በደንብ እየተናጠ ሦስት ጊዜ ይታጠብ። እጣቢው መድኃኒቱ ሊረጭበት በታሰበው ተክል ላይ ብቻ እንዲውል በመርጫው ውስጥ ይጨመራል፤ ለዚህም ሲባል እጥበቱ መድኃኒቱ እንዳለቀ ወዲያውኑ ቢደረግ ይመረጣል። ከዚያም ጄሪካኑን ታችና ጎኑን ብሱት፤ የተበሳ ጄሪካን ማንም ውኃ አይቀዳበትም።

በመድኃኒት የታሸ ዘር፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያለው፣ ታጥቦም ቢሆን ለዶሮ አይሰጥም፤ ለመብልማ ጭራሽ አይታሰብም። ያልታሸ አሮጌ ዘር ግን ከመጣሉ በፊት ይሞከር፦ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለጥቂት ቀናት ያቆዩና ምን ያህሉ እንደበቀለ ይመልከቱ። የተጋገረ የዩሪያ ማዳበሪያም ተፈጭቶ ያገለግላል። ጎርፍ በሚወስደው ቦታ ከተደፋ ግን ሐይቁ ገብቶ እንቦጩን ይመግባል፤ እንቦጭ ደግሞ ቀለብ የቸገረው አረም አይደለም።

የመኪና ባትሪ እርሳስና አሲድ ስላለው ሳይከፈትና ሳይዘቀዘቅ፣ እንደቆመ ለባትሪ ሠሪ ይሸጥ፤ አሲዱን ደፍቶ እርሳሱን ብቻ መሸጥ ለሻጩም ለጓሮውም ጉዳት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጄሪካን ተከድኖ ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጥ። ምስጥን ለመከላከል አጥር ላይ የመቀባት ልማድ አለ፤ ለሐይቁ ወይም ለውኃ ጉድጓድ በቀረበ ግቢ ግን አልመክረውም። የተረፈ ቀለም ካልደረቀ ጎረቤት ይጨርሰዋል።

አሁን ቆራሌ ይጠራ። ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ የተሰበረ አካፋና ንጹሕ ፕላስቲክ የሱ ድርሻ ነው፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ደግሞ ለልዋጭ ይሆናል። እጀታው ብቻ የተሰበረ ዶማ ግን አይሸጥ፤ አዲስ እጀታ ማስገባት አዲስ ዶማ ከመግዛት ይረክሳል። አሮጌ ጎማ ገዢ ካጣ፣ ውኃ አቁሮ የትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ተበስቶ ወይም አፈር ተሞልቶ ይቀመጥ።

በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች አሮጌ የዓሣ መረብም አይጠፋም። ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን የናይለን መረብ ውኃ ውስጥ ስለማይበሰብስ፣ ባለቤት ሳይኖረውም ቀረሶውንና አምባዛውን መያዙን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በዳርቻው አይጣል፣ ለሚያጠምድበትም አይሰጥ። ደህናው ክፍል ዶሮዎች ችግኝ እንዳይጭሩ በመደቡ ዙሪያ ይወጠር፤ የተበጣጠሰው በትንንሹ ተቆራርጦ፣ አፉ በታሰረ ከረጢት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።