ማሞቂያው ሲጠገን የተቀነጠሰው ሽቦ

ጅማ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ቤታችን ሙቅ ውሃ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ካለው የቡታጋዝ ማሞቂያ ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሿ የማስነሻ ነበልባል መክፈቻውን በለቀቅን ቁጥር እየጠፋች አስቸገረችን። የጠራሁት ወጣት ባለሙያ በጥላሸት የተደፈነውን ቀዳዳ በጥንቃቄ ጠረገ፤ መልሶ ሲያስር ግን ብሎኑን ከልክ በላይ አጠበቀውና ቀጭኑ የመዳብ ሽቦ ከአንገቱ ተቀነጠሰ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። እውነቱን ወዲያው ስለተናገረ አከበርኩት።

የተሰበረው ቴርሞካፕል ይባላል። ጫፉ በነበልባሉ ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል፤ ያቺ ኤሌክትሪክ የጋዙን በር ከፍታ ትይዛለች። እሳቱ ከጠፋ በሩ ይዘጋል። አንድ ጎረቤት መክፈቻውን ተጭነን በሽቦ እንድናስረው መከረን፤ እምቢ አልኩ። ልጆች በሚኖሩበት ቤት ጋዝ ያለ ጠባቂ አይለቀቅም!

ሲሊንደሩን ዘግተን፣ ስባሪውን ይዘን ወደ ሂርማታ ገበያ ወረድን። ርዝመታቸው የሚበቃ፣ ጥርሳቸው ግን የማይገጥም ሁለት አየን። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ትክክለኛው ተገኘ። ስባሪውን በእጅ መያዝ የግድ ነው፤ በስልክ በመግለጽ አይገኝም። ዋጋውን እኩል ተካፈልን።

አዲሱን በእጅ እስኪቆም አዞርነው፤ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ቀባን፤ አንድም አረፋ አልተነሣም። ለኩሰን መክፈቻውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነን ለቀቅን። ነበልባሏ ሰማያዊ ሆና ቆመች።