ዲኤክስ ላይ የኤሌክትሪክ ፋን፦ ለዓባይ በረሃ ዳገት

አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ፣ በተለይ ከተሳቢ ኋላ ስታዘግም፣ የሙቀት መርፌው ቀዩ ጋ ይደርስ ነበር። ራዲያተሩ ታጥቧል፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታትም ደህና ነው። የቀረው ንፋስ ነው፤ በቺንጊያ የሚዞር ፋን ሞተሩ ዝግ ሲል እሱም ዝግ ይላል። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ደግሞ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተር ክዳናችሁ መፍላቱን የሚያዘገየውን ግፊት የማይይዝ ከሆነ ከፋኑ በፊት እሱን ቀይሩ።

የድሮውን ፋን ክንፍ ብቻ ፈታሁ። ፑሌጃው የውሃ ፓምፑን ስለሚያዞር ይቆያል። በቦታው ከኋላ የሚስብ ባለ 12 ኢንች ፋን ገባ። አብሮት የሚመጣው፣ በራዲያተሩ መሃል የሚሾልከው የፕላስቲክ ማሰሪያ ግን አልጣመኝም፤ በኮረኮንች ላይ እየፈተገ ቱቦ ይበሳል። በያጅ ከላሜራ ቆርጦ ዳርና ዳር በብሎን የሚታሰር እግር ሠራልኝ።

ሽቦ ላይ አትቆጥቡ። ከባትሪ በ30 አምፒር ፊውዝ ወደ ሪሌው (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ቁጥር 30 መሰኪያ፣ ከቁጥር 87 መሰኪያ ወደ ፋኑ፤ ማሳው (የፋኑ ኔጌቲቭ ሽቦ) ቀለሙ ተፍቆ ቦዲው ላይ። ሪሌውን የሚቀሰቅሰው 92 ዲግሪ ላይ የሚያበራ፣ 87 ዲግሪ ላይ የሚያጠፋ የሙቀት ስዊች ነው፤ ኃይሉን ከቁልፍ ያገኛል። ፋኑን አስነስታችሁ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዙ፤ ከተለጠፈ ይስባል፣ ከተገፋ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጡ።

አሁን ዳገቱ ላይ መርፌው መሃል ነው። ማታ መብራት በርቶ ፋኑ ሲነሳ የባትሪው ቮልት ከ13 በታች ከወረደና ቺንጊያ ማጥበቅ ካልረዳ፣ ጠንከር ያለ አልተርኔተር ፈልጉ።