ዲቪ ደርሷችሁ ሲኤንኤ ለመሆን ካሰባችሁ ዝግጅቱን ከደብረ ብርሃን ጀምሩት

ለጥምቀት ወደ ቤት ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጠባሴ ውስጥ ቡና የጠራኝ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀኛል። "ልጃችን ዲቪ ደርሷታል፤ ያ አንቺ አሜሪካ የምትሠሪው ሥራ እንዴት ነው የሚገባው?" ከመሐል ሜዳ ድረስ የደወለችልኝም አለች። ለእያንዳንዱ ቁጭ ብዬ ሳስረዳ የከረምኩትን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራው ሲኤንኤ ይባላል። ረዳት ነርስ ብትሉት ያስኬዳል፤ ግን እዚህ ጤና ኮሌጅ ተምሮ ከሚወጣው ነርስ ጋር አታምታቱት። ሲኤንኤ መርፌ አይወጋም። የታመመን ወይም ያረጀን ሰው ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ሽንት ቤት ይወስዳል፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ያዛውራል፣ የልብ ምትና ትኩሳት ለክቶ ይመዘግባል፣ የተለወጠ ነገር ሲያይ ለነርሷ ይናገራል። ሥራው በብዛት ያለው ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። የሲኤንኤ ወረቀት በራሱ ቪዛ አያስገኝም። "እዚሁ በኦንላይን ጨርሰህ፣ ሰርተፊኬት ይዘህ ትሄዳለህ" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ስልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ ሰዓት በነርስ ተቆጣጣሪነት በእጅ የሚሠራ ተግባር መሆን አለበት። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተግባሩ ግን በስልክ አይሆንም። 75ም ዝቅተኛው ነው። ስቴቶቹ የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት ነው፣ ሜይን 180። ስለዚህ መጀመሪያ የምታርፉበትን ስቴት እወቁ። ዘመድ የሚቀበላችሁ የት ነው? የዚያን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ወይም የጤና ቢሮ ድረ ገጽ ክፈቱና የተፈቀደላቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር እዩ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ትምህርት ቤት ጋር አትመዝገቡ።

እዚህ ነርስነት ተምራችሁ ከሆነ ደግሞ ትራንስክሪፕታችሁን አሟልታችሁ ያዙ። አንዳንድ ስቴት የነርስ ትምህርት ያለውን ሰው ኮርሱን ሳይደግም በቀጥታ ለሲኤንኤ ፈተና ያስቀምጠዋል፤ ፍሎሪዳማ ኮርስ ሳይወስዱም መፈተን ይፈቅዳል። እዚያ ከደረሱ በኋላ ወረቀት ከዚህ ማስላክ ብዙ ወራት ይበላል።

እንግዲህ ቪዛ እየጠበቃችሁ ያላችሁበትን ጊዜ አታባክኑት።

የክትባት ካርዳችሁን ሰብስቡ። ለዲቪ የሕክምና ምርመራ ስትሄዱ የሚሰጧችሁን ወረቀት ቅጂ አስቀሩ። ነርሲንግ ሆም ከመግባታችሁ በፊት ስለ ሄፓታይተስ ቢ ትጠየቃላችሁ፣ ለቲቢም ትመረመራላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ልጆች ይደነግጣሉ። በሕፃንነታችን ቢሲጂ የተከተብን ስለሆንን ክንድ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ቲቢ ሳይኖረንም ሊያብጥ ይችላል። አትደንግጡ። ቢሲጂ እንደተከተባችሁ ተናገሩና በደም የሚሠራውን ምርመራ ጠይቁ፤ እሱን ክትባቱ አያሳስተውም። ካስፈለገም የደረት ራጅ ያዙላችኋል።

ቀጥሎ ሰዓት። ይሄ ቀላል መስሎ ሰው ያሳስታል። እዚያ ቻርት በሚሉት የታማሚው መዝገብ ላይ ሰዓት የሚጻፈው ከ0 እስከ 24 ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው በእኛ አቆጣጠር ላይ 6 ደምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት 0700 ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት 1500። ብዙ ቦታ ሺፍት የሚቀየረውም በእነዚህ ሰዓቶች ነው፤ ጠዋት 1፣ ከሰዓት 9፣ እንዲሁም ማታ 5 (2300)። ከዛሬ ጀምራችሁ የስልካችሁን ሰዓት ወደዚያ ቀይሩት። ትኩሳት በፋራናይት ነው፤ የእኛ 37 ዲግሪ 98.6 ነው፣ 38 ደግሞ 100.4። ክብደት በፓውንድ ነው፤ 60 ኪሎ ማለት 132 ፓውንድ ገደማ። የጠጡት ነገር በሚሊ ሊትር ይመዘገባል፤ ብርጭቆው ላይ የተጻፈው ግን በአውንስ ይሆናል፤ አንዱን አውንስ በ30 አባዙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኛ አልጋ ላይ ለወደቀ ሰው እጃችን የተፈታ ነው። እኔ አያቴን እቴቴን ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በኋላ ሁለት ክረምት አስታምሜያለሁ፤ ሰላድንጋይ፣ በባና ጠቅልዬ፣ እሳት ዳር አስቀምጬ። ሥራው አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ ቅደም ተከተሉና ማስፈቀዱ ነው። እኛ ፍቅራችንን የምናሳየው ሁሉንም ነገር ለሰውዬው በመሥራት ነው። እዚያ ደግሞ የሚፈለገው ሰውዬው የሚችለውን ራሱ እንዲሠራ መጠበቅ ነው። ሕጉ እንደውም ተማሪው አንድም አረጋዊ ከመንካቱ በፊት 16 ሰዓት እንዲማር ያስገድዳል፤ የሚማረውም አነጋገር፣ ከበሽታ መከላከል፣ ደኅንነትና ድንገተኛ አደጋ፣ አረጋዊው ራሱን እንዲችል ማገዝ፣ መብቱን ማክበር ነው። ከአምስቱ ሁለቱ የሰው ክብር መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ተለማመዱ። ታናሽ ወንድማችሁን አልጋ ላይ አስተኙትና ግራ እጁ እንደማይሠራ ያስመስል። በር አንኳኩ። ስማችሁን ንገሩ። ምን ልትሠሩ እንደሆነ አስረዱና ፈቃድ ጠይቁ። መጋረጃ ሳቡ። ከዚያ ሹራብ አልብሱት። ደንቡ ይሄ ነው፦ ስታለብሱ የደከመው ክንድ ይቀድማል፣ ስታወልቁ ጤነኛው ይቀድማል። እቴቴን ያን ሁለት ክረምት በግልባጩ ሳለብሳት እንደነበር የገባኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ እጇን ስስብ ፊቷ ሲኮማተር ብርዱ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ሌላ ምንም ባትይዙ ይህቺን ያዙ፤ ቤታችሁ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ ዛሬውኑ ትጠቅማችኋለች።

ማብላት ላይ ጉርሻን እርሱ። ትልቅ ጉርሻ የፍቅር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ መዋጥ ለሚያስቸግረው ሽማግሌ ግን ትንታ ነው፣ ትንታው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። አልጋውን ቀና አድርጉት፣ ሰውዬው በደንብ ተቀምጦ ይሁን። እናንተም ቆማችሁ አታብሉ፤ ዝቅ ብላችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማንኪያው ግማሽ ይሁን። መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛውን አታምጡ። በየመሐሉ የሚጠጣ አቅርቡ። ቀጥሎ የቱን እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ሥጋውን ነው ድንቹን?

አንቱታችንም እዚያ ሌላ መልክ አለው። ሴትዮዋን ያለፈቃዷ "ማማ" ብትሏት ንቀት ሊመስላት ይችላል፤ ምን ተብለው መጠራት እንደሚወዱ ጠይቁና በዚያ ጥሩ። ታላቅ ፊት አንገት መድፋት፣ ዝግ ብሎ ማውራት እዚህ ጨዋነት ነው። እዚያ ፈታኙም አረጋዊውም ዓይናችሁን ማየት፣ ድምፃችሁን መስማት ይፈልጋሉ። ይሄ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ከበደኝ። መስታወት ፊት ቆሜ "ደህና አደሩ፣ ስሜ እንዲህ ነው፣ ዛሬ የማግዝዎት እኔ ነኝ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ ስደጋግም ነው የለመድኩት።

የልብ ምት መቁጠርም ቤት ውስጥ ይለመዳል። በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት፣ ታደርጋላችሁ። በአውራ ጣታችሁ አትንኩ፣ የራሱ ምት አለውና ያሳስታችኋል። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። የአዋቂ ሰው ምት ቁጭ ባለበት ከ60 እስከ 100 ነው። የቤቱን ሰው ሁሉ ቁጠሩ፤ ቀጭንም፣ ወፍራምም፣ ሽማግሌም። ስትፈተኑ ከፈታኙ ቁጥር ብዙ መራቅ አይቻልም።

እጅ መታጠብ ለብቻው ይጻፍ። በብዙ ስቴቶች በተግባር ፈተና አምስት ሥራ ትሠራላችሁ። አራቱ ምን እንደሆኑ እዚያው ነው የምታውቁት፤ እጅ መታጠብ ግን ሁልጊዜ አለ። ሳሙናውን ከቀባችሁ በኋላ ቢያንስ 20 ሰከንድ፣ መዳፍ፣ ጀርባ፣ በጣቶች መሐል፣ ጥፍር ሥር፣ አንጓ። በደብረ ብርሃን ጠዋት ውሃ 20 ሰከንድ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ጣቶቻችሁ ወደ ታች ይንጠልጠሉ። ሲንኩን እንዳትነኩ። በወረቀት አድርቁና ቧንቧውን በባዶ እጅ ሳይሆን በሌላ ደረቅ ወረቀት ዝጉ። መጨረሻ ላይ በባዶ እጅ ቧንቧ ዘግታ የወደቀች ልጅ አውቃለሁ።

እኔ የወደቅሁት በዊልቸር ነው። እንደ ታማሚ ሆና የተኛች ሴትን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ደረሰኝ። ሰው ሲነሳ የሚያዝበትን ቀበቶ በልብሷ ላይ ወገቧ ላይ በትክክል አስሬያለሁ፣ ጫማ አልብሻታለሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ ነው ያነሳሁት። የዊልቸሩን ፍሬን ግን አልያዝኩም። ፈታኟ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፣ ጻፈች ብቻ። አንዳንድ እርምጃ ቢዘለል ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ያ ሥራ ወደቀ ነው የሚባለው፤ ፍሬን አንዱ ነው። ስለዚህ ስትለማመዱ አፋችሁ እየተናገረ ይሁን፦ ፍሬን፣ ጫማ፣ ቀበቶ፣ "በሦስት እንነሳለን"። ሥራውን ስትጨርሱም አልጋውን ዝቅ አድርጉ፣ የጥሪ ደወሉን እጃቸው የሚደርስበት አስቀምጡ፣ እጅ ታጠቡ። ብዙ ነጥብ የሚፈሰው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው።

ብወድቅም የደገምኩት ተግባሩን ብቻ ነው፤ የጽሑፉን አልፌ ነበር። ሕጉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የመፈተን ዕድል ይሰጣል። የጽሑፉ ፈተና ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛው የሚመረጥበት ነው። ማንበብ ለሚከብደው ጥያቄው እየተነበበለት በቃል መፈተንም ይቻላል፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ሌላው የእኛ ሰው ጣጣ ስም ነው። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ምዝገባው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ከበር የተመለሰ አለ። በመታወቂያችሁ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ፣ የአያት ስም ጭምር።

ስለ ገንዘቡ ብዙዎች የማያውቁትን ልንገራችሁ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ቀጥሮ ወይም ልቀጥርሽ ብሎ ካሠለጠናችሁ የሥልጠናውንና የፈተናውን ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት በአካባቢው ያሉትን ነርሲንግ ሆሞች እየዞራችሁ "ራሳችሁ ታሠለጥናላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ከፍላችሁ ከተማራችሁም ኮርሱን በጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ከቀጠራችሁ ወጪያችሁ የሚመለስበት ሕግ አለ። ደረሰኝ አትጣሉ። እኔ ጥዬ ነበር፣ ሳላስመልስ ቀረሁ።

ስታልፉ ስማችሁ የስቴቱ መዝገብ ላይ ይገባል። ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። አረጋዊ ያንገላታ፣ ቸል ያለ ወይም ንብረት የወሰደ ሰውም እዚያው ይጻፍበታል፤ ከተጻፈበት ነርሲንግ ሆም አይቀጥረውም። ለዚህ ነው ስጦታ ላይ የምጨክነው። አንዷ አሮጊት እንደ እቴቴ እጄን ይዛ "ለልጆችሽ" ብላ 20 ዶላር ልታስጨብጠኝ ሞክራለች። አልቅሳብኛለች። ቢሆንም አልወሰድኩም፤ ነገ የመርሳት በሽታዋ "ተሰረቅሁ" ሊያሰኛት ይችላል። እናንተም አመስግኑ፣ አትውሰዱ፣ ለነርሷ ንገሩ።

ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ በዓመት ቢያንስ 12 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መሥሪያ ቤታችሁ ይሰጣችኋል። 24 ወር ተከታታይ በሙያው ተከፍሏችሁ ካልሠራችሁ ግን ስልጠናና ፈተና፣ ወይም ቢያንስ ፈተናው፣ እንደገና ነው። ወልዳችሁ ቤት የምትውሉም ሆነ አገር ቤት ለመቆየት የምትመጡ፣ የመጨረሻ የሠራችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ የደመወዝ ወረቀቱንም አብራችሁ። አድራሻ ስትቀይሩ ለመዝገቡ አሳውቁ፤ የማደሻው ደብዳቤ የሚመጣው እዚያ ባስመዘገባችሁት አድራሻ ነው።