በብርድ ለተመታ ሰው፦ የሕዋ ብርድ ልብስ ከመንዝ ባና ጋር

በጣርማ በርና በመንዝ ደጋ በረዶ ያዘለ ዝናብ ያበሰበሰው እረኛ ወይም መንገደኛ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1964 ለሕዋ ሥራ ያበለጸገው፣ በአሉሚኒየም የተለበጠው ስስ ፕላስቲክ፣ ማለትም የሕዋ ብርድ ልብስ ወይም ፎይል የሚባለው፣ ዛሬ ታጥፎ ኪስ ይገባል። ክብደቱ 60 ግራም ያህል፣ ሲዘረጋ አብዛኛውን ጊዜ 130 በ210 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ያሞቃል ብሎ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን ሙቀት አያመነጭም። ከሰውነት በጨረር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ነፋስና እርጥበትን ይከለክላል፣ ያ ብቻ ነው። መሬት ከጀርባ የሚስበውን ሙቀት አያስቀርም፤ ለዚህ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ያስፈልጋል።

በሽተኛውን ነፋስ ከማይደርስበት አስገቡት። ባናውን ወይም ዝተቱን እጥፍ አድርጋችሁ ከሥር አንጥፉ፤ ከሌለ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ ጎዝጉዙ። እርጥብ ልብሱን እጁን ሳትጠመዝዙ በመቀስ ቅደዱለት። ገላውን በደረቅ ጨርቅ እየተጫናችሁ አድርቁ እንጂ አትሹት። ከዚያ ደረቅ ጋቢ፣ በላዩ ፎይሉን ብርማው ገጽ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ባና። የፎይሉን ጠርዝ ከጀርባው ሥር ወትፉት፤ ከተንበለበለ ነፋስ ገብቶ ልፋታችሁን ከንቱ ያደርገዋል። ራሱን በነጠላ ጠቅልሉ፣ ፊቱ ግን ይከፈት። እርጥቡን ልብስ ማውለቅ ካልተቻለ ፎይሉ በቀጥታ በልብሱ ላይ ይሁን፤ ትነቱን ያቆማል። ባናው ከላይ ይደረብ።

እሳት ዳር አታስቀምጡት፤ ፎይሉ ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም። አረቄ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥ፦ የቆዳ ደም ሥሮችን አስፍቶ የቀረውን ሙቀት ያስወጣል። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ ይበቃዋል።

መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ ከተሳሰረ ተሻለው አትበሉ፤ ብሶበታል። እንዲራመድ አታድርጉ፤ በቃሬዛ ሳታንገጫግጩ ውሰዱት፤ በጣም የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ መንገጫገጭ ምቱ ሊዛባ ይችላል።

አራስ ሕፃን ከሆነ ፎይል ብቻውን አይጠቅመውም። አድርቃችሁ፣ ኮፍያ አድርጋችሁ፣ ራቁት ደረቱን ከእናቱ ደረት አጣብቁት፤ ጋቢውና ፎይሉ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሸፍን፣ የሕፃኑ አፍና አፍንጫ ክፍት ሆኖ። በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ እንደተጣበቀ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።