በበር ብርሃን ጀምሮ ወደ ፍላሽ፤ ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በኮዬ ፈጬ ሆኖ ፎቶ ማንሳት የሚማር ሰው ፍላሽ ከመግዛቱ በፊት የቤቱን በር ቢያጠና የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ምንጩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና ከተነሺው ምን ያህል እንደሚርቅ ያወቀ ሰው በፀሐይም ሆነ በአምፖል ሲያነሳ የሚሠራው በእነዚሁ በሦስቱ ነው።

ጀማሪን በመጀመሪያ የሚያስቸግረው የቀትር ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በሌሎቹ ወራትም ከፍ ብላ ስለምትቆም ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሸፈናል፣ የአፍንጫም ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሰው ፊት ለማንሳት ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግን ቶሎ ስለሚጨልም ዝግጅትዎን ቀደም ብለው ይጨርሱ። በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ ተነሺውን ወደ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ ጥላ ያስገቡት፤ ፊት ለፊቱ ያለው ፀሐይ የመታው ግድግዳ ብርሃኑን ይመልስለታል። የባሕር ዛፍ ጥላ ግን ፊትን ስለሚያዥጎረጉር አልመክረውም።

የበሩ ልምምድ እንዲህ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን በር ይክፈቱ፣ የቤቱን አምፖል ያጥፉ፣ ተነሺውም ከደጃፉ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጥ። ከዚያ ፊቱን ቀስ በቀስ ወደ ብርሃኑ እንዲያዞር እየጠየቁ ደጋግመው ያንሱ፤ በጨለማው ወገን ባለው ዓይን ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ስትታይ አቅጣጫው ተስተካክሏል። ጥላው ከከበደ በዚያው ወገን አንድ ሰው የታጠፈ ነጭ ጋቢ ይያዝ፤ ጋቢው ሲቀርብ ጥላው ይሳሳል፣ ሲርቅ ይጠቁራል። ግድግዳው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከተቀባ ቀለሙ ፊት ላይ ያርፋል፤ ብዙዎች ይህን የካሜራ ጉድለት አድርገው ያዩታል።

ካሜራ ብርሃን ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ (በነጭና በጥቁር መካከል ወዳለ ድምቀት) ስለሚያቀርብ፣ በበዓል ወይም በሠርግ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ምስሉን ሲሞላው ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ጠይም ፊትም መልኩን ያጣል። በስልክ ሲያነሱ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ፊት በጣት ነክተው ብርሃኑን ይጨምሩ፤ የሸማው ድርና ማግ መታየት ሲያቆም ግን መጠኑ አልፏልና መለስ ያድርጉት።

በሰው ሠራሽ ብርሃን ዋናው ነገር ርቀት ነው፤ አምፖልን ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቢያርቁት ፊት ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ፍላሽ በቀጥታ ፊት ላይ ሲበራ ፊትን ጠፍጣፋ አስመስሎ ከኋላ ግድግዳው ላይ ደረቅ ጥላ ስለሚጥል፣ የፍላሹን ራስ ወደ ነጭ ኮርኒስ ያዙሩት፤ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ደግሞ በጎን በኩል ነጭ አንሶላ ሰቅለው ወደ እሱ ያብሩት፤ ትንሿ መብራት ያኔ እንደ በሩ ሰፊ ምንጭ ትሆናለች። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሽ ሲጠቀሙ የመዝጊያው ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በታች ፍጥነቱን ሲቀንሱ የክፍሉ ብርሃን ይጨምራል፣ የፍላሹ ግን ባለበት ይቆያል።

የቀን ብርሃን 5500፣ ቢጫው አምፖል 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለምን የሚያስተካክለው የካሜራው ቅንብር፣ ሊያስታርቃቸው አይችልም፤ ወይ አምፖሉን ያጥፉ ወይ በሩን ይዝጉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ጥራታቸው ዝቅ ያሉ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያድርጉት።