የፍጹም ዋጋ የመረጃ በቂነት ጥያቄዎችን ደረጃ በደረጃ እንዴት መሥራት ይቻላል?

እንደ ጂማት (የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ባሉ ፈተናዎች ላይ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል በትምህርት ቤት ያዳበርነውን «አስላና መልሱን ጻፍ» የሚል ልማድ ክፉኛ የሚፈትኑት የመረጃ በቂነት ጥያቄዎች ናቸው። በእነዚህ ጥያቄዎች ፈታኙ ማወቅ የሚፈልገው ያልታወቀው ቁጥር፣ የሸ፣ ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳይሆን፣ የተሰጠው መረጃ ያንን ዋጋ ያለ አንዳች ጥርጥር ለመወሰን ያስችል እንደሆነ ነው። ጥያቄው ውስጥ ፍጹም ዋጋ (በ| | መካከል የሚጻፍ፣ ቁጥሩ ከ0 ያለው ርቀት) ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ፍጹም ዋጋ የቁጥሩን ምልክት ስለሚደብቅ አንድ የሚመስለው መፍትሔ ሁለት፣ ሁለት የሚመስለውም አንድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ የሠሪው ዋና ተግባር መፍታት ሳይሆን መቁጠር ነው፦ መረጃው ስንት የተለያዩ መልሶችን ይፈቅዳል? አንድ ብቻ ከሆነ በቂ ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆነ በቂ አይደለም።

የጥያቄው ቅርጽ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፣ ሁለት ቁጥር የተሰጣቸው መግለጫዎች ይከተላሉ፣ ከዚያም የማይለወጡ አምስት ምርጫዎች ይመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ምርጫዎቹን እንደሚከተለው እንጠራቸዋለን።

ሀ) መግለጫ 1 ብቻውን በቂ ነው፤ መግለጫ 2 ብቻውን በቂ አይደለም።
ለ) መግለጫ 2 ብቻውን በቂ ነው፤ መግለጫ 1 ብቻውን በቂ አይደለም።
ሐ) ሁለቱ አንድ ላይ በቂ ናቸው፤ ለየብቻቸው ግን አይበቁም።
መ) እያንዳንዱ ለብቻው በቂ ነው።
ሠ) ሁለቱ አንድ ላይ ሆነውም አይበቁም።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጂማት ቅርጽ እነዚህ ጥያቄዎች «ዳታ ኢንሳይትስ» በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ክፍሉ ለ20 ጥያቄዎች 45 ደቂቃ ስለሚሰጥ ለአንዱ በአማካይ የሚደርሰው 2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው። ጥያቄው በቀጥታ በምልክት ቢጻፍም ሆነ በአጭር ታሪክ ተጠቅልሎ ቢመጣ አሠራሩ አይለወጥም፤ ለምሳሌ «የዘንጉ ርዝመት ከ50 ሚሊ ሜትር የሚለየው ቢበዛ በ0.2 ሚሊ ሜትር ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር |ሸ − 50| ≤ 0.2 ከሚለው ጋር ፍጹም አንድ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ መግለጫዎቹን ሳያዩ ጥያቄውን ማቅለል

ብዙ ተፈታኞች ጥያቄውን በወፍ በረር አንብበው ወደ መግለጫ 1 ይሮጣሉ። ይህ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ጊዜ ያስባክናል። በመጀመሪያ ጥያቄው ዋጋ የሚጠይቅ («ሸ ስንት ነው?») ወይስ የአዎ-አይደለም ጥያቄ («ሸ ከ0 ይበልጣል?») መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ አንድና አንድ ቁጥር ብቻ መቅረት አለበት። የአዎ-አይደለም ጥያቄ ከሆነ ግን ሸ ሺህ ዋጋ ቢኖረው ችግር የለም፤ ለሁሉም መልሱ «አዎ» ወይም ለሁሉም መልሱ «አይደለም» እስከሆነ ድረስ መረጃው በቂ ነው። ቁርጥ ያለ «አይደለም» ልክ እንደ ቁርጥ ያለ «አዎ» በቂ መሆኑን ደጋግሞ ማስታወስ ይገባል፤ ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የፍጹም ዋጋውን ምልክት ወደ ርቀት መለወጥ ነው። |ሸ| ማለት ሸ በቁጥር መስመር ላይ ከ0 ያለው ርቀት ነው። |ሸ − 3| ሸ ከ3 ያለው ርቀት ነው። |ሸ + 2| ደግሞ፣ ሸ + 2 ማለት ሸ − (−2) ስለሆነ፣ ሸ ከ−2 ያለው ርቀት ነው። ይህ ንባብ ለምዶ እጅ ከገባ ግማሹ ጥያቄ ያለ ስሌት ያልቃል።

ምሳሌ አንድ። ሸ ስንት ነው? መግለጫ 1፦ |ሸ − 3| = 5። መግለጫ 2፦ |ሸ| = 2።

የመጀመሪያው መግለጫ ከ3 በ5 ርቀት ላይ ያሉትን ነጥቦች ይሰጠናል፦ 8 እና −2። ሁለት ስለሆኑ አይበቃም። ሁለተኛው 2 እና −2 ይሰጣል፤ እሱም አይበቃም። ሁለቱ ሲጣመሩ በጋራ ያላቸው −2 ብቻ ስለሆነ መልሱ ሐ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልብ ይሏል፦ በዚህ ፈተና ሁለቱ መግለጫዎች እርስ በርሳቸው ፈጽሞ አይጋጩም። ስለዚህ አንዱ መግለጫ 8ን ብቻ፣ ሌላው −2ን ብቻ የሰጣችሁ እንደሆነ ስሌቱ ውስጥ ስሕተት አለና ተመልሳችሁ ፈትሹ።

ሁለተኛው እርምጃ፦ በሁለት ከፍሎ መፍታት፣ ከዚያም መልሶ መተካት

ተለዋዋጩ በእኩልነቱ ግራና ቀኝ ሲገኝ የርቀት ንባብ ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ በፍጹም ዋጋው ምልክት ውስጥ ያለው አገላለጽ (ለምሳሌ ሸ − 4) ኔጋቲቭ የማይሆንበትንና ኔጋቲቭ የሚሆንበትን ሁኔታ ለይቶ መሥራት ግድ ይላል። በጣም አደገኛው ወጥመድ ያለውም እዚህ ስለሆነ ቀጣዩን ምሳሌ በዝግታ እንመልከተው።

ምሳሌ ሁለት። ሸ ስንት ነው? መግለጫ 1፦ |ሸ − 4| = 2ሸ + 1። መግለጫ 2፦ ሸ² = ሸ።

መግለጫ 1ን ስንከፍለው፣ ሸ ከ4 የማያንስ ከሆነ ሸ − 4 = 2ሸ + 1 ይሆንና ሸ = −5 ይወጣል። ሸ ከ4 ካነሰ ደግሞ 4 − ሸ = 2ሸ + 1 ይሆንና ሸ = 1 ይወጣል። የቸኮለ ሠሪ «−5 እና 1፣ ሁለት መልስ ስለሆነ አይበቃም» ብሎ ያልፋል፤ ከዚያም መግለጫ 2 የ0 እና የ1ን መልስ ስለሚሰጥ ሁለቱን አጣምሮ 1ን ያገኝና በሙሉ እምነት ሐን ይመርጣል። ምርጫው ግን ስሕተት ነው። −5 የተገኘው ሸ ከ4 አያንስም በሚል ግምት ሲሆን −5 ያንን ግምት አያሟላም። ወደ መጀመሪያው እኩልነት መልሰን ብንተካውም ግራ ጎኑ |−9| = 9፣ ቀኝ ጎኑ ግን −9 ይሆናል። ስለዚህ −5 መፍትሔ አይደለም፤ የቀረው 1 ብቻ ነው፤ ቢተካም |−3| = 3 እና 2 + 1 = 3 ይሆናል። መግለጫ 1 ብቻውን በቂ ስለሆነ ትክክለኛው መልስ ሀ ነው። ፈታኞቹ ይህን ጥያቄ ሲያዘጋጁ የተሳሳተው መንገድ ያለ አንዳች እንቅፋት እስከ ሐ እንዲያደርስ አድርገው ነው፤ ሠሪውን ከዚያ የሚያድነው መልሶ የመተካት ልማድ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አቋራጭ አለ። ፍጹም ዋጋ ምንጊዜም ከ0 አያንስም፤ ስለሆነም ከእሱ ጋር እኩል የተደረገው ጎንም ከ0 ሊያንስ አይችልም። «ሸ ፖዘቲቭ ነው?» ተብሎ መግለጫው |ሸ − 7| = 3ሸ − 6 ቢሆን፣ 3ሸ − 6 ≥ 0 መሆን አለበትና ሸ ≥ 2 ነው። የሸን ትክክለኛ ዋጋ ሳንፈልግ መልሱ ቁርጥ ያለ «አዎ» ሆነ። በተመደበው ጊዜ ውስጥ ለመጨረስ እንዲህ ያለው ዕይታ ከፈጣን ስሌት ይልቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ያለእኩልነት ሲመጣ በቁጥር መስመር ላይ መሣል

«ያንሳል» ወይም «ይበልጣል» የሚል ምልክት ሲኖር የምንቆጥረው ነጥቦችን ሳይሆን ክልሎችን ነው። |ሸ − 5| < 3 የሚለው ከ5 ከ3 ባነሰ ርቀት ላይ ያሉትን ሁሉ፣ ማለትም በ2 እና በ8 መካከል ያሉትን ቁጥሮች ይይዛል። ምልክቱ ተገልብጦ |ሸ − 5| > 3 ቢሆን ከ2 ያነሱትንና ከ8 የበለጡትን፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ክልሎችን ይይዛል።

«|ሸ − 5| < 3 ነውን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መግለጫ 1 |ሸ| < 8፣ መግለጫ 2 ደግሞ |ሸ − 4| < 2 ቢል፣ የጥያቄው ክልል ከ2 እስከ 8 ነው። የመግለጫ 1 ክልል ከ−8 እስከ 8 ስለሆነ ከጥያቄው ክልል ውጭ ይፈስሳል፤ 5 «አዎ» ሲሰጥ 0 «አይደለም» ይሰጣል። የመግለጫ 2 ክልል ከ2 እስከ 6 ስለሆነ ሙሉ በሙሉ በጥያቄው ክልል ውስጥ ይገባል። መልሱ ለ ነው። ደንቡ፦ የመግለጫው ክልል ሙሉ በሙሉ ውስጥ ወይም ሙሉ በሙሉ ውጭ ከሆነ ይበቃል፤ ከፊሉ ውስጥ ከፊሉ ውጭ ከሆነ አይበቃም። ክልሉ የት መግባት እንዳለበት ሲያምታታ፣ የመግለጫው ክልል በጥያቄው ክልል ውስጥ ይገባ እንደሆነ እንጂ የጥያቄው ክልል በመግለጫው ውስጥ ይገባ እንደሆነ አይጠየቅም።

ሁለት ተለዋዋጮች ሲኖሩ

በሁለቱም ጎን ፍጹም ዋጋ ሲኖር አራት ሁኔታዎችን ከፋፍሎ ከመልፋት ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ማድረግ ይቀላል። ሁለቱም ጎኖች ከ0 ስለማያንሱ ይህ እርምጃ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ የ|ሸ| ስኩዌርም ራሱ ሸ² ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱም ጎኖች ከ0 እንደማያንሱ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎን ኔጋቲቭ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ስኩዌር ማድረግ እንደ −5 ያሉ ሐሰተኛ መፍትሔዎችን ይጠራል።

ምሳሌ ሦስት። |ሸ| > |ቀ| ነውን? መግለጫ 1፦ ሸ > ቀ። መግለጫ 2፦ ሸ + ቀ > 0።

ጥያቄውን ስኩዌር ስናደርገው ሸ² > ቀ² ነውን፣ ማለትም (ሸ − ቀ)(ሸ + ቀ) > 0 ነውን ወደሚል ይለወጣል። አሁን ጥያቄው የሁለቱን ቅንፎች ምልክት ብቻ የሚፈልግ መሆኑ ግልጽ ነው። መግለጫ 1 የመጀመሪያው ቅንፍ ፖዘቲቭ መሆኑን ይነግረናል፤ ስለ ሁለተኛው ግን ዝም ይላል። ሸ 3፣ ቀ 1 ቢሆኑ «አዎ»፣ ሸ 1፣ ቀ −3 ቢሆኑ «አይደለም» ይሆናል። መግለጫ 2 ደግሞ ሁለተኛውን ቅንፍ ብቻ ይሰጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ የሁለት ፖዘቲቭ ቁጥሮች ብዜት ፖዘቲቭ ስለሆነ መልሱ «አዎ» ነው፤ ምርጫውም ሐ። መግለጫ 2 ሸ + ቀ < 0 የሚል ቢሆን ኖሮስ? ብዜቱ ኔጋቲቭ ይሆንና መልሱ ቁርጥ ያለ «አይደለም» ይሆናል፤ ምርጫው አሁንም ሐ ነው።

በቁጥር መፈተን፣ በተለይም በ0

አልጀብራው አልገፋ ሲል ቁጥር እየተኩ መሞከር ተገቢ ዘዴ ነው፤ ዓላማው ግን መግለጫው አለመብቃቱን ማሳየት እንደሆነ መታወቅ አለበት። አንድ «አዎ» እና አንድ «አይደለም» የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ከተገኙ ጉዳዩ ተዘጋ። በአንጻሩ አምስት ቁጥሮች ሁሉ «አዎ» ቢሉ እንኳ መብቃቱ ገና አልተረጋገጠም፤ ማረጋገጫው አመክንዮ ነው። የሚሞከሩት ቁጥሮች የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሊሆኑ ይገባል፦ 0፣ 1፣ −1፣ እንደ ½ እና −½ ያሉ ክፍልፋዮች፣ ከዚያም አንድ ትልቅ ፖዘቲቭና አንድ ትልቅ ኔጋቲቭ። ጥያቄው ሸ ድፍን ቁጥር ነው ካላለ ክፍልፋይን መርሳት አይገባም።

ከሁሉም በላይ 0 ይረሳል። |ሸ| = ሸ የሚለው ሸ ፖዘቲቭ ነው ማለት አይደለም፤ ሸ ≥ 0 ማለት ነው። |ሸ| = −ሸ የሚለውም ሸ ≤ 0 ማለት ነው።

ምሳሌ አራት። ሸ ፖዘቲቭ ነው? መግለጫ 1፦ |ሸ| = ሸ። መግለጫ 2፦ |ሸ + 1| = |ሸ| + 1።

መግለጫ 1 ሸ ≥ 0 ይላል። መግለጫ 2ን ስንፈትን፣ ሸ ፖዘቲቭ ወይም 0 ሲሆን ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው፤ ሸ ኔጋቲቭ ሲሆን ግን ግራው ከቀኙ ያንሳል፤ ለምሳሌ ሸ −½ ቢሆን ግራው ½፣ ቀኙ 1½ ነው። ስለዚህ መግለጫ 2ም ቢሆን ሸ ≥ 0 ከማለት አያልፍም። ሁለቱ መግለጫዎች መልካቸው ቢለያይም የሚሰጡት መረጃ አንድ ስለሆነ ማጣመሩ አንዳች አይጨምርም፤ 0 እንደቆመ ይቀራልና መልሱ ሠ ነው። መግለጫዎቹን ሳንነካ ጥያቄውን ብቻ «ሸ ኔጋቲቭ ነው?» ብለን ብንለውጠው ግን እያንዳንዱ መግለጫ ለብቻው ቁርጥ ያለ «አይደለም» ስለሚሰጥ መልሱ ከሠ ወደ መ ይዛወራል።